የአመዲት ልጆችና የንጉሡ አውራ ጣት

ጠጋ ጠጋ በሉ። ጆሮ ያለው ጆሮውን ያምጣ፤ የሌለው ካጠገቡ ይዋስ። አንቺ ትንሿ ደግሞ አውራ ጣትሽን ከአፍሽ አውጪው። ለምን እንዳልኩሽ ኋላ ይገባሻል፤ በዚህ ተረት ውስጥ አንድ አውራ ጣት ነፍስ ያድናልና።

በድሮ ዘመን፣ ድመት እንደ ዛሬው በየአጥሩ ሥር በማትገኝበት፣ አይጥ በጠራራ ፀሐይ በመንገድ መሀል እንደ ሹም በሚንጎራደድበት ዘመን፣ አንድ ንጉሥ ነበር። ንጉሡ ደግ ነው፤ ግን አንዴ ከአፉ የወጣ ቃል አይመለስለትም። ቃሉን ከሚያጥፍ ዘውዱን ቢያወልቅ ይመርጣል።

ንጉሡ ብጡል የሚባል የግቢ አዛዥ ነበረው። አዛዥ ብጡል ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው። ወጡ ሳይበስል ይቅረብ ይላል፣ ወንዙ ሳይጎድል እንሻገር ይላል፣ ምስክር ሳይሰማ ይፈረድ ይላል። እንዲህ ያለ ሰው በሰፈራችሁ ካለ ስሙን አትጥሩ፤ ሮጦ ይመጣል።

ደግሞ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች፤ የንጉሡ ጎተራ ጠባቂ። ንግግሯ ጥቂት፣ የምታየው ብዙ ነው። ልጆቿን ሁሉ አሳድጋ፣ ኩላ ድራ፣ ሩቅ ሩቅ አገር ሰዳለች። ከሁሉም በኋላ ቤቷ ውስጥ የቀረቻት አንዲት ድመት ብቻ ናት። ጨው ጭነው ሲያልፉ ያደሩ ነጋዴዎች ጥለዋት ሄደው ነው። መልኳ አመድ ስለሚመስል ደብሪቱ አመዲት አለቻት።

አመዲት አይጥ ስትይዝ ብታዩ! ከጎተራው ሥር ትተኛለች፤ አትነቃነቅም። አይጡ ይወጣል፤ አትነቃነቅም። አይጡ ይጠጋል፤ አሁንም አትነቃነቅም። ከዚያ ብድግ ስትል አይጡ የለም። በዚያ አገር ሁሉ እህሉ ሳይበላ የሚከርም የደብሪቱ ጎተራ ብቻ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን አመዲት ወለደች። ደብሪቱ ያረጀ አገልግል ውስጥ ነጠላ አንጥፋላት ነበርና ሦስት ልጆቿን እዚያ አኖረች። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡራቡሬ፣ አንዷ ቁርጥ እናቷን። ደብሪቱም አራስ እንደሚጠየቅ ጠየቀቻት፣ አራስ እንደሚታረስ አረሰቻት። በሩን ዘጋችላት፣ ወተት አሞቀችላት፣ የሥጋ መረቅ አቀረበችላት። ጎረቤቶቿ እየሳቁ ገንፎው የሚበላው መቼ ነው ይሏታል። እሷም፣ ገንፎውን አራሷ ጨርሳዋለች እያለች ትመልሳለች።

ወሬው ንጉሡ ዘንድ ደረሰ። ንጉሡ ደግሞ በአይጥ ተማርሮ ነበር። የካባው ጫፍ ተበልቷል፣ የግቢው መሪጌታ ዳዊት ተበልቷል፣ እናቱ ፈትለው ያስቀመጡት ልቃቂት ሳይቀር ተበልቷል። ስለዚህ አንዱን ልጅ ለመሪጌታው፣ አንዱን ለእናቴ፣ አንዱን ለእኔ ብሎ አዘዘ። ደብሪቱ ግቢ ድረስ ሄዳ እጅ ነሳችና፣ ገና ጨቅሎች ናቸው፣ ጡት እስኪጥሉ ይታገሱኝ አለች። ንጉሡም፣ መልካም፣ ጡት ይጣሉና ይምጡ አለ።

አዛዥ ብጡል ይህን ሰማ። ሲነጋ ደብሪቱ ደጅ ላይ ቆሟል፤ በእጁ የእሬት ቅጠል ይዟል።

«ልጆችሽን ጡት ያስጣልሽው በምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«በእሬት ነዋ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ደብሪቱ ቅጠሉን ተቀበለችው። እውነቱን ነው፤ እሷም፣ እናቷም፣ አያቷም ልጅ ጡት ሲያስጥሉ ጡታቸውን እሬት ቀብተው ነው። ልጁ ይቀምሳል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ያለቅሳል፣ ይተዋል። ሆዷ ግን እሺ አላላትም። ቢሆንም የንጉሥ ሰው ደጇ ላይ ቆሟልና አመዲትን ያዘቻት፤ ቅጠሉን ቆርሳ ጡቶቿን አንድ በአንድ ቀባቻት።

እስቲ ልጠይቃችሁ። የሰው እናት ጡቷን ትልሳለች? አትልስም። ድመትስ? ድመት ገላዋን የምትታጠበው በምላሷ ነው! አመዲት ገና ከእጅ እንደተለቀቀች ዞር ብላ ራሷን ላሰች። መረራት። እንዲያውም ቆሽሻለሁ ብላ አብዝታ ላሰች። ከዚያ አፏ አረፋ ደፈቀ፣ ሆዷ ተገለበጠ፣ ልጆቿም ጡቷን ቀምሰው እየጮኹ ሸሿት።

ብጡል ግን ጡት ጣሉ ብሎ ደስ አለው። ሦስቱንም በአንድ ቅርጫት ከቶ እየተቻኮለ ወደ ግቢ ወሰዳቸው። ደብሪቱ በእጇ ላይ የቀረውን እሬት በምላሷ ነካ አድርጋ ቀመሰችው። ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያለቀሰችው ስለመረራት አይደለም፤ በገዛ እጇ በመቀባቷ ነው።

አመዲት መቆም ስትችል ተነሳች። አገልግሉን ፈተሸች፤ የሉም። ጎተራውን ዞረች፤ የሉም። መንገድ ወጣች፤ የሉም። ልጅ የሚጠባው ወተት ሞልቶ ጠቢ ሲጠፋ ጡቷ ተወጠረ፣ እንደ ምጣድ ጋለ። እህል አልቀምስ አለች። ከቤት ቤት እየሄደች ትጣራለች፤ ድምጿን የሰሙ እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን ሳብ አድርገው ያቅፉ ነበር። አይጦቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ጎተራውን በሰልፍ ገቡበት።

በግቢስ ምን ሆነ? ሦስቱ ልጆች አደን የሚባል ነገር አልተማሩም። ጥቁሩ ዙፋኑ ሥር ተወሸቀ፣ ቡራቡሬው መጋረጃ ላይ ተንጠላጠለ፣ እናቷን የምትመስለው ከንጉሡ ጫማ ውስጥ አልወጣም አለች። አንድ አይጥ እንዲያውም ከጣባቸው ወተታቸውን ጠጥቶ፣ ጢሙን ጠርጎ፣ ተንጎራዶ ሄደ። ንጉሡ አዛዡን ጠርቶ፣ ድመት አምጣልኝ ብልህ፣ እንግዳ የሚጋብዙ ልጆች አመጣህልኝ አለው።

ብጡል ደነገጠ። ሲደነግጥም እንደ ልማዱ ቸኮለ። ጥፋቱ የእናቲቱ ነው አለ፤ አብዳለች፣ አገሩን በጩኸት በጥብጣለች፣ ጎተራውን ለአይጥ ለቃለች፤ ገደል ትጣል አለ። ንጉሡ ደብሪቱን አስጠራ።

ደብሪቱ አመዲትን በነጠላዋ ታቅፋ መጣች። ድመቲቱ ከስታ አጥንቷ ይቆጠራል።

«ልጆቹ ጡት ጥለዋል ተብዬ ነበር» አላት ንጉሡ።

«ጃንሆይ፣ ጡት ማስጣል ሁለት ሥራ ነው» አለች ደብሪቱ። «ልጁ ጡት ይጥላል፤ እናቲቱም ልጇን መልቀቅ ትማራለች። እኛ የመጀመሪያውን በእሬት አበላሸነው፣ ሁለተኛውን ከነጭራሹ ረሳነው። ልጆቹን ይመልሱልኝ።»

ንጉሡ ቁልቁል አመዲትን አያት። አሳዘነችው። ብጡል ግን በጆሮው ሹክ አለው፤ ዛሬ ቢመለሱላትም ነገ ሲሄዱባት መልሳ ታብዳለች፣ ጎተራዎን አይጥ ይጨርሰዋል አለው። ንጉሡም እንዲህ ሲል ፈረደ፤ ጤፉ እስኪታጨድ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ይቆዩ። ከዚያ ግን የመጨረሻው ልጅ ከቤት ሲወጣ አመዲት ድምጿን ካሰማች ገደል ትወርዳለች። ይህ ቃሌ ነው አለ። ቃሌ ነው ሲል ደግሞ ታውቃላችሁ፤ አለቀ።

ደብሪቱ ልጆቹን ይዛ ተመለሰች። ለብ ባለ ውሃ ጨርቅ ነክራ የአመዲትን ጡት አጠበች፣ ያበጠውን በሙቅ ጨርቅ ያዘችላት፣ ልጆቹን አንድ በአንድ አስጠጋችላት። ወተቱ ሲቀልላት ድመቲቱ ዐይኗን ጨፍና ማንኮራፋት ጀመረች። የድመት ማንኮራፋት የምስጋና ነው፤ ደብሪቱ እንደዚያ ነው የገባት።

ከዚያ በኋላ ደብሪቱ ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? ምንም! ቁጭ ብላ አየች። ድመቲቱን ከማስተማር ከድመቲቱ መማር ያዘች።

ምን አየች መሰላችሁ። ልጆቹ ጥርስ አወጡ፤ ሲጠቡ ነከሷት። አመዲት ብድግ ብላ ቆጡ ላይ ዘለለች። ልጆቹ ከታች ይንጫጫሉ፤ መድረስ አይችሉም። እሷ ከላይ ታያቸዋለች፤ አልራቀችም፣ አልወረደችም። ቆይታ ወረደች፣ ጥቂት አጠባች፣ እንደገና ወጣች። ከቀን ወደ ቀን ቆጡ ላይ የምትቆየው ረዘመ። ደብሪቱ በእጇ ግንባሯን መታች። ይህቺ ድመት እኮ ጡት ማስጣሉን ትችልበታለች፣ እኛ አስቸኮልናት እንጂ፣ አለች። ቆጡ ላይ የነበረውን ቁና አንስታ በቦታው ለአመዲት ጆንያ አነጠፈችላት።

ወተቷ እንዲደርቅም መረቁንና ወተቱን ቀስ በቀስ ቀነሰችላት። ልጆቹን ደግሞ ከጣባ መጠጣት አለማመደቻቸው። ጣቷን ወተት ነክራ ታልሳቸዋለች፤ ጣቷን ዝቅ ታደርጋለች፣ ዝቅ ታደርጋለች፣ ጣባው ውስጥ ስትደርስ አፋቸው ወተቱን ያገኛል። አንድ ጠዋት እናቷን የምትመስለው ትንሿ አመድማ የደብሪቱን አውራ ጣት በሁለት እጇ ይዛ እንደ ጡት ስትጠባ፣ ደብሪቱ ድንገት ቆም አለች። ከዚያ ብቻዋን ሳቀች። ለምን እንደሳቀች ለማንም አልተናገረችም፤ እኔም ገና አልናገርም።

አመዲትስ? አመዲት ማስተማሯን ቀጠለች። መጀመሪያ የሞተ አይጥ አምጥታ ጣለችላቸው፤ አሽትተው ሸሹ። ቀጥላ ያልሞተ ግን የደከመ አምጥታ ጣለችላቸው፤ አሳደዱት። በመጨረሻ ደኅና፣ ጤነኛ፣ የሚሮጥ አይጥ አምጥታ ለቀቀችላቸውና ራሷ ቆጡ ላይ ወጥታ ተኛች። ሦስቱም ተከታተሉት። ትንሿ አመድማ ያዘችው። እናቷ ከላይ ዐይኗን ከፍታ አየች፣ መልሳም ጨፈነች። እንዲህ ያለች አስተማሪ ለሁላችሁም ይስጣችሁ።

ጤፉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ደብሪቱ ወደ ግቢ መልእክት ላከች። ልጆቹ በአንድ ቀን አይወጡም፣ በተራ በተራ ነው፤ ወሳጁም ሰው አይልክም፣ ራሱ መጥቶ ጣቱን ወተት ነክሮ በእናቲቱ ፊት ያጠባል፤ ልጆቹ የጌታቸውን ሽታ ካላወቁ አይበሉለትም አለች። ብጡል ንጉሥ ለድመት ጣቱን ሊሰጥ ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። ንጉሡ ግን ጫማው ውስጥ የተወሸቀችው ትዝ አለችውና እሄዳለሁ አለ።

መጀመሪያ መሪጌታው መጣ፤ ቀለም የጠጣ ጣቱን ወተት ነክሮ አጠባና ጥቁሩን ወሰደ። አመዲት አገልግሉን ፈተሸች፣ ሁለቱን አገኘች፣ ላሰቻቸው፤ ዝም አለች። ደብሪቱ ዕለቱን ሙሉ ከጎኗ አልተለየችም። ጡቷን ዳበሰችላት፤ አልተወጠረም። አመዲት በልታ ጠጥታ ወደ አደኗ እስክትመለስ ድረስ ሁለተኛው አልወጣም።

ከዚያ የንጉሡ እናት መጡ፤ አጥብተው ቡራቡሬውን ወሰዱ። አመዲት አገልግሉን ፈተሸች፣ አንዷን አገኘች፣ ላሰቻት፤ ዝም አለች። ጡቷ ተዳበሰ፤ ለስልሷል።

በመጨረሻ ንጉሡ ራሱ መጣ። ሽማግሌዎች ተከትለውታል፤ ብጡልም ተከትሏል፣ ጆሮውን አቁሞ። ንጉሡ ሳሩ ላይ ተቀምጦ አውራ ጣቱን ወተት ነክሮ ዘረጋ። ትንሿ አመድማ ቀርባ አሸተተች፣ በሁለት እጇ ያዘች፣ ጠባች። ምላሷ ኮረኮረውና ያ ትልቅ ንጉሥ እንደ ሕፃን ሳቀ። አመዲት ጠጋ ብላ የንጉሡን እጅ አሸተተች፤ ከዚያ የልጇን ግንባር አንዴ ላሰች። ንጉሡም ልጅቱን በካባው ሸፍኖ ከደብሪቱ ደጅ ወጣ።

አመዲት አገልግሉን ፈተሸች። የለችም። ከበሩ ላይ ቆመች። አንገቷን ወደ መንገዱ ዘርግታ አንዲት ጊዜ፣ ቀስ ብላ፣ ምያው አለች።

ብጡል አጥሩ ላይ ነበር። ጮኸች ብሎ ሮጠ፤ ንጉሡ ገና ሩቅ አልሄደምና ደረሰበት። ንጉሡ ፊቱ ጠቆረ። እሱም አልወደደውም፤ ቃል ግን ወጥቷል። ከሽማግሌዎቹ ጋር ተመልሶ መጣና አንገቱን ደፍቶ፣ ደብሪቱ ሆይ፣ ቃሌን ታውቂያለሽ አላት።

ደብሪቱ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

«አባቶቼ፣ ባዕድ ሰው ዘመድ መሆን ሲፈልግ የአገራችን ወግ ምንድን ነው?»

ጡት መጣባት ነዋ አሉ ሽማግሌዎቹ። የትልቁን ሰው አውራ ጣት ማር ወይም ወተት ነክሮ በሰው ፊት ይጠባል፤ ከዚያ ወዲያ የጡት ልጅ ነው፤ ሥጋ ከወለደው አይለይም አሉ።

«የጡት ልጅ እናትስ ለጡት አባቱ ምኑ ናት?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ነገሩ ገባቸው። አንዱ ጢሙን ይዞ ሳቁን እየዋጠ፣ ቤተ ዘመዱ ናታ አለ።

«ጃንሆይ ቃላቸውን አያጥፉ» አለች ደብሪቱ። «ገደሉም ያው ቅርብ ነው። ቤተ ዘመዱን ገደል የሰደደ ንጉሥ ካለ ግን ስሙን ይንገሩኝ።»

ንጉሡ አውራ ጣቱን አየ። ገና አልደረቀም። አገላብጦ አየውና ሳቁ መጣ፤ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ዐይኑን ጠረገ። ይህቺ ሴት አይጥ የምታጠምድ መስሎኝ የንጉሥ ጣት ስታጠምድ ከርማለች አለ። በሽማግሌዎቹም ፊት አወጀ፤ ቃሌ ድመትን ይመለከታል፣ ቤተ ዘመዴን አይመለከትም አለ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን አንድ ነገር ንገሪኝ፣ ልጆቿን መልቀቅ ከተማረች ለምን ጮኸች ብሎ ጠየቃት።

ደብሪቱ መንገዱን አየች። በየሩቅ አገሩ የሰደደቻቸው ልጆቿ በልቧ አለፉ።

«አልጮኸችም፣ ጃንሆይ። ልጅ ስትድር እናት ደጃፍ ላይ ቆማ አንዴ ትጠራ የለ? ልትመልሳት አይደለም። ደህና ግቢ ለማለት ነው።»

 አመዲትም ከበሩ ተመልሳ፣ ገላዋን ልሳ፣ ከጎተራው ሥር ገብታ ተኛች። አልነቃነቅ አለች። ሰው ሁሉ ምን ሆነች ሲል አንድ አይጥ ወጣ፤ ጠጋ አለ፤ ከዚያ አይጡ የለም።

አዛዥ ብጡልስ? ንጉሡ ምን ይደረግበት ብሎ ደብሪቱን ጠየቃት። እሷም፣ እኔ ስቀባት ጊዜ ጣቴን ቀምሻለሁ፤ እሱ ግን አልቀመሰም አለች። ስለዚህ የጤፉ አጨዳ ግብር ሲበላ ብጡል ቀኝ እጁን እሬት ተቀብቶ ማዕድ ቀረበ። በቸኮለ ቁጥር መረረው፣ በዘገየ ቁጥርም መረረው። ከዚያ ወዲያ ወጥ ሳይበስል ይቅረብ ብሎ አያውቅም ይባላል። ጠዋት ጠዋትም ለአመዲት ቁርሷን የሚያመጣላት እሱ ሆነ፤ በፊቷም ቀስ ብሎ ያስቀምጣል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ከዚህ ምን ይዛችሁ ትገባላችሁ? ልጅን ከእናቱ የምትለዩ ሁሉ፣ የሰውም ይሁን የድመት፣ ቀስ በሉ። የሚሄደው ብቻ አይደለም የሚታሰበው፤ የምትቀረውም አለች። ያቺን የምትቀረውን አይታ ከጎኗ የተቀመጠች ሴት፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከንጉሡ ትበልጣለች።

የእኔ እዚህ ላይ አበቃ፤ የወደደው ለነገ እንግዳ ያውርሰው፣ የጠላው ከደጅ ይተወው። ትንሿ፣ አሁን ጣትሽን መልሰሽ መጥባት ትችያለሽ። ግን መጀመሪያ ሂጂና እናትሽን አንዴ ሳሚያት።